የጣሰው ገለባ

ያን ቀን ስልኬ ከበደኝ። ሻይ ቤቴ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ይዤው የምውለው የራሴው ስልክ ነው፤ ያን ቀን ግን በሁለት እጄ ነው የያዝኩት። አዲስ አበባ የተቀመጡ ሁለት መምህራን በስልኩ ውስጥ ሆነው ያዩናል። ፊት ለፊቴ ደግሞ የወንድሜ ልጅ ታንጉ በአባቷ አውድማ ላይ በባዶ እግሯ ቆማለች። ካለፈች ትምህርቷን ትቀጥላለች፤ ከወደቀች ሻንጣዋን ይዛ አርብ ገበያ ትመለሳለች። ነገሩ ይኸው ነው።

ቆይ ከመነሻው ልንገራችሁ። እኔ አሰለፈች ወሬ ከመሃል መጀመር ልማዴ ነው፤ ሰው ሁሉ በዚህ ይቆጣኛል።

ታንጉ የወንድሜ የጣሰውና የሚስቱ የእመቤት ልጅ ናት። ቤታቸው ከአርብ ገበያ ወረድ ብሎ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስትፈተን ከወረዳው አንደኛ ወጣች። አዲስ አበባ ያለ አንድ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ደግሞ ከየገጠሩ ጎበዝ ልጆችን እየመረጠ በነጻ ያስተምራል፤ አዳሪ ናቸው፣ ምግቡም መኝታውም ከእነሱ ነው። ታንጉን መረጧት። ጣሰው "አይሆንም" አለ። "ልጄን ለማላውቀው ሰው፣ ለማላውቀው አገር አልሰጥም" አለ። የተሟገትኩት እኔ ነኝ። አፌ እስኪደርቅ ተሟገትኩ። "አንተ ጣሰው፣ እግዜር የከፈተላትን በር አንተ ማን ነህ የምትዘጋው?" አልኩት። በአንድ ዓመት ስለምበልጠው እንደ ልቤ እናገረዋለሁ። በመጨረሻ እሺ አለ፤ እሺ ሲል ግን "ልጄ አንድ ነገር ብትሆን ካንቺ ራስ አልወርድም" አለኝ። ጣሰው ደግሞ ያለውን የማይረሳ ሰው ነው።

ትምህርት ቤቱ የተማሪዎቹን ሥራ በቴሌግራም ይለጥፋል። እኔም ገብቻለሁ። አንዱ ልጅ በዋና ሜዳሊያ አገኘ፤ አንዷ ናይሮቢ ሄዳ በክርክር አሸነፈች፤ ሌላው ደግሞ ኳስ የሚያቀብል ሮቦት ሠራ። ወይ ጉድ! ኳስ የሚያቀብል ሰው ጠፍቶ ነው? ብቻ ሁሉንም ላይክ አደርጋለሁ። "የእኛዋስ መቼ ነው የምትወጣው?" እያልኩ በጣቴ እስከ ታች ድረስ እፈልጋታለሁ። አትወጣም።

ለካ ልጅቷ እዚያ እየተቸገረች ነበር። ሒሳቡንማ ማን ይደርስባታል፤ እንግሊዝኛው ነው ያንገላታት። እነዚያ ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በእንግሊዝኛ እያለሙ ያደጉ ናቸው። እሷ የምትጽፈውን ሁሉ ሦስቴ እየሰረዘች ነው የምትጽፍ። አሥረኛ ክፍል ላይ ውጤቷ ወረደ። አሥራ አንደኛ እንደገባች ጠሯትና፣ የዚህ መንፈቅ ዓመት ፕሮጀክትሽ ካላለፈ ነጻ ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል አሏት። ደውላ እያለቀሰች ነገረችኝ። "አክስቴ፣ ለአባ እንዳትነግሪ" አለች።

ነገርኩት እንጂ! ምን ላድርግ፣ እኔ ብቻዬን ልሸከመው? ጣሰው በሬዎቹን እያሰረ ነበር፤ አስሮ ጨረሰ። ከዚያ "ፕሮጀክት የሚሉት ምንድን ነው?" አለኝ።

ፕሮጀክቱ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ከራሱ ቀዬ አንድ ችግር መርጦ መፍትሔ ይሠራል። ሠርቶ መጻፍ ብቻ አይደለም፤ እዚያው ቦታው ላይ በቪዲዮ እያሳየ፣ መምህራኑ እየጠየቁት፣ እሱም እየመለሰ ነው የሚያልፍ። የከተማዎቹ ልጆች የግቢያቸውን ቆሻሻ ምናምን መረጡ። ታንጉ ምርት ማናፈስን መርጣ ለሥራው ወደ ቤቷ መጣች።

የገበሬ ልጅ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ገብሱ በበሬ ከተወቃ በኋላ ፍሬና ገለባው ተቀላቅሎ አውድማ ላይ ይቀመጣል። በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ እየበተኑ ለንፋስ ይሰጡታል፤ ንፋሱ ገለባውን ይወስደዋል፣ ፍሬው ይወርዳል። ንፋስ ካለ ማለቴ ነው። ከሌለ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ሰማዩ ጠቁሮ፣ ምርቱ ሜዳ ላይ ተሰጥቶ፣ አንዲት ቅጠል ሳትነቃነቅ ሲቀር ያለው ጭንቀት! ጣሰው ስንት ቀን ምርቱ አጠገብ ሲያድር አይታው አድጋለች። ስለዚህ ንፋስ እሠራለሁ አለች።

ጎረቤታችን ካሳ ይህን ሲሰማ ሳቁ አላቆም አለው። "ንፋስ መውጫ እዚህ አፍንጫችን ሥር ሆኖ፣ ይቺ ልጅ ደሞ ንፋስ ልትሠራ!" እያለ ሻይ ቤቴ የገባውን ሁሉ ሲያስቅብኝ ከረመ። ሻዩን በእጥፍ ባስከፍለው ደስ ባለኝ። ደግሞ እኮ ማሽኑ የተሠራው እዚያው ንፋስ መውጫ ከተማ፣ ብየዳ ቤት ነው። አሮጌ ብስክሌት ነው፣ ጎማ የለውም። ተቀምጠው ፔዳሉን ሲረግጡት ከፊቱ ያለው የቆርቆሮ ማራገቢያ ይሽከረከራል። እህሉን ከነገለባው ከላይ ሲያፈሱበት ገለባው በንፋሱ ወዲያ ይሄዳል፣ ፍሬው እዚያው ሥሩ ይወርዳል። አንድ ጣጣ ግን አለው። በጣም ፈጥነው ከረገጡት ንፋሱ ይበረታና ፍሬውንም ከገለባው ጋር ይዞት ይሄዳል። ታንጉ ይህንን ደጋግማ ነግራናለች።

ማሽኑ በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ ጣሰው ዙሪያውን ሁለቴ ዞረው፣ በቅሎ እንደሚገዛ ሰው። እግሩን ነካ ነካ አደረገው። በዚያ ሳምንት ግን ንፋስ ነበረና የገብሱን እኩሌታ እንደ ወትሮው በላይዳ አናፍሶ ቤቱ አስገብቶ፣ እኩሌታውን ሳይነካ ተወላት። ለጣሰው ይህ ብዙ ነው። ድሮ እኮ በእኛ ቤት ሴት ልጅ አውድማ መሃል አትገባም ነበር። ለታንጉ ሲል ይህንንም ትቶታል፤ በዚህ ጎረቤቱ ምን ምን እንዳለው ሻይ ቤት ቆሜ የሰማሁት እኔ ነኝ።

ቀኑ ደረሰ። ታዲያ ያን ቀን ንፋስ የሚባል ነገር የለም፤ ጭጭ ብሏል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እናዝን ነበር፣ ያን ቀን ግን እሰይ አልን። አውድማው ከፍታ ላይ ስለሆነ ኔትወርኩም ደህና ነው። ሁላችንም ጫማችንን አውልቀን ገባን። አውድማ በጫማ አይረገጥማ። እኔ ስልኩን ያዝኩ፣ ካሳ ብስክሌቱ ላይ ወጣ። ሲስቅ የከረመው ካሳ "እኔ ነኝ የምረግጠው፣ ጉልበት ያለው ሰው ነው የሚያስፈልጋት" ብሎ ድርቅ አለ። እናቷ እመቤት ሰፌዷን ታቅፋ ዳር ቆማለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ጸሎት ላይ ናት።

በስልኩ ውስጥ ሁለት ሰዎች ይታያሉ። አንደኛው መምህር ጌታነህ ነው፤ አማርኛ የሚያወራልን እሱ ነው። አጠገቡ ያለችው ፈረንጅ ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ትጽፋለች። ታንጉ በእንግሊዝኛ ጀመረች። መጀመሪያ ላይ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስለ ንፋሱና ስለ አባቷ ስትናገር ግን ረጋ አለች። ምን እንዳለች ባልሰማም ስለ አባቷ መሆኑን አውቄያለሁ፤ እጇን ወደ እሱ ዘርግታ ነበራ። ጣሰውም አውቋል፤ ጋቢውን አስተካከለ።

ካሳ ረገጠ። ማራገቢያው ዞረ፣ ታንጉና ጣሰው ከላይ አፈሰሱ፣ ገለባው እልል ብሎ ወዲያ ሄደ! እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ንፋስ በሌለበት ቀን ገለባ ሲበር አየሁ። ፍሬው ከሥር ንጹሕ ሆኖ ተከመረ። ካሳ እንዲህ ሲሆን ሲያይ ልቡ አበጠ፤ ካሜራ አለ ብሎ ይሁን አላውቅም፣ ፔዳሉን እንደ እብድ ይረግጠው ጀመር። "ቀስ! ጋሽ ካሳ ቀስ!" አለች ታንጉ። ቀስ አለ፤ ግን ትንሽ ቆይቶ ነው። እኔ ሳየው ፍሬ አብሮ የሄደ መሰለኝ። ምን አለ ይህን ሰውዬ ገበያ ልከነው ቢሆን ኖሮ አልኩ በልቤ።

እንዲያም ሆኖ አለቀ። መምህር ጌታነህ ፈገግ እንዳለ አየሁ። ፈረንጇም ራሷን ነቀነቀች። "እፎይ" ልል ስል ነው ጣጣው የመጣው።

"በጣም ጥሩ ነው ታንጉ" አለ ጌታነህ በአማርኛ፣ ሁላችንም እንድንሰማው። "አሁን የወጣውን ፍሬ መዝኝልንና ቁጥሩን ንገሪን። ፕሮጀክትሽ ላይ እንደጻፍሽው።"

ታንጉ ከቦርሳዋ መንጠቆ ያላት ትንሽ ሚዛን አወጣች። ጣሰው አያት።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ሚዛን ነው አባ።"

"ለምኑ?"

ታንጉ ሚዛኗን ዝቅ አደረገች። ፊቷ አመድ መሰለ። ያን ጊዜ እኔም ትዝ አለኝ። በእኛ ቤት አውድማ ላይ ያለ ምርት አይመዘንም። አይሰፈርም፣ አይቆጠርም፣ "ይህን ያህል ነው" ተብሎ አይጠራም። ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ተነሥቶለት ቤት እስኪገባ ድረስ ሰው ዓይኑን እንኳ አያሳርፍበትም። በረከቱ ይነሣል። አባታችን ያሳደገን እንዲህ ነው፣ የአባታችንም አባት እንዲሁ። ታንጉ ይህንን ታውቃለች። ግን አዲስ አበባ ቁጭ ብላ በእንግሊዝኛ ስትጽፍ፣ ሁሉ ነገር በሚመዘንበት አገር ሆና፣ "ፍሬው ይመዘናል" ብላ ጻፈች። አንዳችንም ደግሞ አላሰብነው። ስለ ማራገቢያው፣ ስለ ኔትወርኩ፣ ስለ ካሳ ጉልበት ስናስብ ከረምን።

"አውድማ ላይ?" አለ ጣሰው። ጣሰው ሲቆጣ አይጮህም፤ ድምፁ ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ ነው የሚያስፈራው።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። "አንተ ጣሰው! ለዛሬ እንኳ! ልጅቷ ልትቀር ነው እኮ! እግዜርስ ቢሆን ይህን አጥቶት ነው?"

"አሰለፈች፣ አንቺ ስልክሽን ያዢ" አለኝ። ከምርቱ ፊት ሄዶ ቆመ። ክፉ ሆኖ አይደለም። ዓይኑን አይቼዋለሁ፤ የጨነቀው ሰው ነው። በዚያ ገብስ ነው ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩት፤ በረከቱ ከተነሣ ምን ይሆናል? ልጁንም ይወዳል፣ አባቱ ያወረሰውንም ይፈራል፤ ከሁለቱ መሃል ቆሞ ቀረ።

ወደ ታንጉ ጠጋ አልኩና በሹክሹክታ "የሆነ ቁጥር ንገሪያቸውና ይለቁሽ! ማን መጥቶ ያያል?" አልኳት።

"አክስቴ!" አለችኝ፣ እንደ ሕፃን እየገሠጸችኝ። መቼም እውነቷን ነው።

ሚዛኗን መሬት ላይ አስቀመጠች። ስልኩን አየችና በእንግሊዝኛ ተናገረች። ከዚያ ጣሰው እንዲሰማው በአማርኛ ደገመችው። "አባቴ ልክ ነው። ምርት አውድማ ላይ አይመዘንም። ይህንን እያወቅሁ፣ አባቴን ሳልጠይቅ ነው የጻፍኩት። ስሕተቱ የእኔ ነው እንጂ የእሱ አይደለም። ፍሬውን አልመዝንም።" ዓይኗ ዕንባ አቀረረ፤ ግን አላለቀሰችም። የኔ አንበሳ!

ሁለቱ መምህራን እርስ በርስ አወሩ። ጌታነህ ወደ ካሜራው ተጠጋ። "ታንጉ፣ ይህን በማለትሽ አክብረንሻል። አባትሽንም እናከብራለን" አለ። "ግን ያለ ምንም ልኬት ማሳለፍ አንችልም። ሌሎቹን ልጆች ሁሉ ለክተው እንዲያሳዩ አስገድደናል፤ ላንቺ ብቻ ብንተው ፍርድ ማጓደል ነው። ሌላ ለክተሽ የምታሳዪን ነገር ካለ አሁን ነው።"

እመቤት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። ካሳ ብስክሌቱ ላይ እንደተቀመጠ አንገቱን ሰብሯል። ታንጉ መሬቱን ታያለች። ፍሬውን አይደለም የምታየው፣ ገለባውን ነው።

"አባ" አለች። "ገለባውንስ ብመዝነው ይከለክሉኛል?"

ጣሰው ግራ ገባው። "ገለባ? ገለባ ምን በረከት አለው? የከብት ነው።"

"ውስጡ የቀረውን ፍሬስ? ብለቅመው፣ ብቆጥረው?"

አሰበ። በእውነት ቆሞ አሰበ። "ገለባ ውስጥ የቀረ ከምርቱ ወጥቷል። የዶሮ ነው። ቁጠሪው" አለ።

እንዴት ደስ እንዳላት! ወደ ስልኩ ዞረችና ተንተባተበች ማለት ይቻላል። ቆይቶ እንደተረዳሁት እንዲህ ነው ያለቻቸው፦ ገበሬ ሲያናፍስ ዋናው ፍርሃቱ ፍሬው ከገለባው ጋር እንዳይሄድበት ነው፤ የማሽኑ ጥሩነትም የሚታወቀው በወጣው ብቻ ሳይሆን በጠፋው ነው፤ ስለዚህ የጠፋውን እለካለሁ። ፈረንጇ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገች። አንድ ነገር ጠየቀች። ጌታነህ ተረጎመው። "ትስማማለች። ግን ከምን ጋር ታነጻጽሪዋለሽ? በእጅ ከተናፈሰ ገለባ አንድ ሰፌድ፣ ከማሽኑ ገለባ አንድ ሰፌድ መሆን አለበት ትላለች።"

ታንጉ ወደ አውድማው ጥግ አየችና ቶሎ ዓይኗን መለሰች። እኔም ገባኝ፣ ሁላችንም ገባን። ጥግ ላይ ያለው የጣሰው ገለባ ነው፣ ያ ባለፈው ሳምንት በላይዳ ያናፈሰው።

ጣሰውን የማታውቁ ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። ጣሰው በአገሩ የሚታወቀው በዚህ ነው። በእርሻ የሚበልጠው አለ፤ በከብት የሚበልጠው ሞልቷል። በማናፈስ ግን እሱን የሚደርስበት የለም። ሠርግ ላይ ሳይቀር "የጣሰውን ገለባ ዶሮ ዞር ብላ አታየውም" ይሉታል፤ እሱም አልሰማሁም ብሎ ይሰማታል። ሰው ሁሉ አንድ የሚኮራበት ነገር አለው አይደል? የእሱ ይኸው ነው። አሁን ያ ገለባ በፈረንጅ ፊት ሊበጠር ነው። ከገለባው ፍሬ ከወጣ ስሙ ያበቃለታል፤ ካሳ ቆሞ እያየ! ገለባው ንጹሕ ከሆነ ደግሞ የታንጉ ማሽን ምን ጨመረ ሊባል ነው፣ ልጅቷ ትወድቃለች። ለማን ልጸልይ? ለወንድሜ ልለምን ወይስ ለልጁ? ያን ጊዜ የተጨነቅሁትን ጭንቀት ለጠላቴም አይስጠው።

ካሳ ጉሮሮውን ጠረገ። "የእኔ ገለባ አለ። ቤቴ ቅርብ ነው፣ ሮጬ ላምጣ" አለ። የተናገረው ጣሰውን ሊያድን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ካሳን ከልቤ ነው የምወደው፤ ሻዩንም ስኳር እጨምርለታለሁ።

"አይሆንም" አለ ጣሰው። "ያንተ ስንዴ ነው። ከዚሁ ገብስ መሆን አለበት።"

ከእመቤት እጅ ሰፌዱን ተቀበለና ወደ ጥጉ ሄደ። ስልኩን ይዤ ተከተልኩት። ከላይ ከላይ ቢያነሣ ማን ይናገረዋል? ላይ ላዩን ዶሮ ጭራ ለቅማዋለች፣ ንጹሕ ነው። እሱ ግን ጎንበስ አለና ክንዱን እስከ ብብቱ ድረስ መሃል ከተተው። ከሆዱ አወጣ። ሰፌዱን ሞልቶ መጣና ለሚስቱ ሰጣት። "አበጥሪው። አንዳች ነገር እንዳትደብቂልኝ" አላት።

እመቤት አበጠረች። እጇ ያውቅበታል። ገለባው ቀስ እያለ ሄደ። ሰፌዱ ላይ ፍሬ ቀረ። አንድ ሙሉ ጭብጥ ገብስ! ካሳ እንኳ ወደ ሰማይ አየ። ጣሰው ያን ፍሬ በመዳፉ ይዞ ለረጅም ጊዜ አየው። ስንት ዓመት ሙሉ የራሱን ገለባ አበጥሮ አያውቅማ፣ ሰው ያለውን አምኖ ኖሯል።

"የእሷን" አለ።

ከማሽኑ ገለባ የቱን እንደምናነሣ ፈረንጇ መረጠች። አይ የእሷ ነገር፣ ጣቷን ዘርግታ ካሳ እንደ እብድ ሲረግጥ የተከመረውን ጫፍ አሳየች! እያየች ነበር ለካ። ነፍሴ ወጣች። ካሳ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። ታንጉ ራሷ ሄዳ ከዚያው ሞልታ አመጣች፣ ለእናቷ ሰጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ጨፈንኩ። ካሜራውን ወደየት እንዳዞርኩት እግዜር ይወቀው።

የሰፌዱን ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው። ቆይቶ እመቤት "ጣሰው" አለች። "ናና እየው።"

ዓይኔን ከፈትኩ። ሰፌዱ ላይ ገብስ የለም ማለት ይቻላል። እዚህም አንድ፣ እዚያም አንድ፤ ካሳ ቀስ ያለው ለካ በጊዜው ኖሯል። ጣሰው ተንበረከከ። በዚያ በሻከረ ጣቱ አንድ በአንድ እያነሣ መዳፉ ላይ ማድረግ ጀመረ፣ ደግሞም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ መምህራኑ እንዲሰሙት። "አንድ... ሁለት... ሦስት..." ጣሰው! አውድማ ላይ ሆኖ ሲቆጥር በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። "አሥር... አሥራ አንድ።" ሰፌዱን ዘቅዝቆ አራገፈው። ሌላ የለም።

ያኔ ቀና ብሎ ስልኩን አየ። "የእሷ አሥራ አንድ ነው። የእኔን ልቁጠር ብል ይመሽብናል" አለ። ከዚያ የራሱን ጭብጥ ገብስ አየና "ዶሮዎቹስ ያውቁ ኖሯል!" ብሎ ሳቀ። ሳቀ ስላችሁ፣ ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው። ካሳም የሳቀው እሱን ተከትሎ ነው፤ ቀድሞ ሊስቅማ አልደፈረም።

ጌታነህ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ለፈረንጇ ተረጎመላት። እሷም ሳቀች። ከዚያ ድምፁን ዘግተው ተመካከሩ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ምንም አይሰማም። ኧረ ያቺ ደቂቃ! ስልኩን ልሰብረው ምንም አልቀረኝ። ድምፁ ሲመለስ ጌታነህ ቆሞ ነበር።

"ታንጉ" አለ። "አልፈሻል። ቦታሽ ያንቺው ነው። ሰኞ ክፍል እንጠብቅሻለን።"

እመቤት እልልታዋን አቀለጠችው። ከማዶ ያሉ ሰዎች ምን ተፈጠረ ብለው ብቅ ብቅ አሉ። እኔ ገለባው ላይ ዘጭ አልኩና አለቀስኩ፤ እንዲያ ደስ ብሎኝ፣ እንዲያ ቀሎኝ አያውቅም። ጣሰውን ከራሴ አወረድኩት ማለት ነው። ልጅቷን ይዤ ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሳምኩ። "እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ!" ከማለት ሌላ ቃል ጠፋኝ። እሷም አሁን ገና አለቀሰች፤ ያን ሁሉ ጊዜ ችላው የቆየችውን ለቀቀችው። ስልኩ መሬት ላይ ወድቆ ሰማይ ሰማይ ሲያሳያቸው ቆየ አሉ።

ዕንባዬን ጠርጌ ጣሰውን ብፈልገው የለም። ዞር ብል ጥጉ ላይ አየሁት። ጋቢውን መሬት ላይ ዘርግቶ የራሱን ገለባ በሁለት እጁ እያቀፈ ይጭንበታል። ጫነ፣ በጀርባው ተሸክሞ መጣና ማሽኑ አጠገብ አፈሰሰው። ሄደ፣ ደግሞ ተሸክሞ መጣ። ማንም እርዳኝ አላለም። ከዚያ ካሳን "ውረድ አንተ፣ ያንተን አረጋገጥ አይተነዋል" ብሎ አወረደውና ራሱ ብስክሌቱ ላይ ወጣ። በዕድሜው ብስክሌት ላይ ተቀምጦ አያውቅም፤ እግሩን የት እንደሚያደርግ ግራ ገባው።

"ታንጉ" አለ። "ነይ አሳዪኝ እንጂ። እንዴት ነው የሚረገጠው፣ ቀስ ነው ፈጠን?"

ታንጉ አፍንጫዋን በመዳፏ ጠርጋ አጠገቡ ቆመች። እግሩን ይዛ ፔዳሉ ላይ አስቀመጠችለት።

"ቀስ ነው አባ" አለችው። "እኔ አፈሳለሁ፣ እርስዎ ይርገጡ።"